አንዱን ክምር ደጋግሞ የሣለው ሰው፦ ስለ ክሎድ ሞኔ ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ባለፈው እትም በሥነ ጥበብ ገጻችን ላይ የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የክሎድ ሞኔን ሁለት ሥዕሎች ጎን ለጎን አውጥተን ነበር። አንደኛው በመከር ማግስት በፀሐይ የተሣለ የስንዴ ክምር ሲሆን ሁለተኛው በረዶ የለበሰ ክምር ነው። ከሥዕሎቹ ግርጌ የጻፍነው ሠዓሊው ይህንኑ ነገር ሃያ አምስት ያህል ጊዜ እንደሣለው ብቻ ስለነበረ «ለምን?» የሚሉ ደብዳቤዎች ከየአቅጣጫው ደረሱን። ደብዳቤዎቹ የተለያየ ነገር የሚጠይቁ ቢመስሉም ሁሉም የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ከምናየው ነገር ውስጥ የነገሩ የራሱ የሆነው ምን ያህሉ ነው፣ የሰዓቱና የተመልካቹ የሆነውስ ምን ያህሉ ነው? ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለዚሁ ሰጥተነዋል። ዓመታቱም ወራቱም ቀናቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎት። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ክምር ለእኔ የዓመት ቀለብ ነው። አንድ ሰው አንዱን ክምር ሃያ አምስት ጊዜ የሚሥለው ምን ፈልጎ ነው? አንዱ ሥዕል አይበቃም ነበር? ወይስ ብዙ ሠርቶ ብዙ ለመሸጥ ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ ክምሩን ከእርሻው በኩል ማየትዎ ትክክል ነው፤ እንዲያውም ብዙ ተመልካች የሚስተው ይህንኑ ነው። ሞኔ ከ1883 ጀምሮ የኖረው ከፓሪስ በስተሰሜን ምዕራብ በምትገኘው ዢቨርኒ በተባለች የገጠር መንደር ነው። በ1890፣ ዕድሜው ሃምሳ ሲሞላ፣ እስከዚያ ድረስ ተከራይቶት የነበረውን ቤት ገዛ። ክምሮቹ የቆሙት ከዚሁ ቤት አጠገብ በነበረ የጎረቤት ማሳ ላይ ነው። ያልተወቃ ስንዴ ነዶው እንደታሰረ ይከመርና አናቱ በገለባ ተከድኖ፣ ከመንደር መንደር የሚዞረው የመውቂያ ማሽን ተራው እስኪደርስ ድረስ የብርዱን ወራት እዚያው ያሳልፍ ነበር። ከፍታው እስከ ስድስት ሜትር የሚደርስም ነበረው። ሞኔ በየቀኑ ፊት ለፊቱ ያቆመው እንግዲህ የመንደሩን የዓመት ሀብት ነው፤ ከክምሮቹ ጀርባ በስተርቀት የሚታዩት ጣሪያዎችም ያንን እህል ወቅተውና ፈጭተው የሚበሉት ሰዎች ቤቶች ናቸው።

ሥራውን የጀመረው በ1890 የአውሮፓ በጋ ሲያበቃ ነው፤ እስከ 1891 የመጀመሪያ ወራትም ዘለቀበት። ኋላ ራሱ እንደተረከው፣ ሲጀምር ሁለት ሸራ ይበቃኛል ብሎ አስቦ ነበር፤ አንዱን ለደመናማ ሰማይ፣ አንዱን ለፀሐይ። ሆኖም ገና ብሩሹን ከማንሳቱ ብርሃኑ ተለወጠበትና የእንጀራ ልጁን ብላንሽን ሌላ ሸራ ከቤት እንድታመጣለት ላካት። ያኛውም ሳያልቅ ብርሃኑ እንደገና ተለወጠ፤ ሌላ ሸራ፣ ከዚያም ሌላ ሸራ አስፈለገ። ከዚያ በኋላ አሠራሩ ደንብ ያዘ። አንድ ሸራ ላይ የሚሠራው የዚያ ሸራ ብርሃን እስካለ ድረስ ብቻ ነው፤ ብርሃኑ ሲያልፍ ሸራውን ያስቀምጥና ለአዲሱ ብርሃን የጀመረውን ያነሣል፤ በማግስቱ ያው ሰዓት ሲመለስ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። በጥቅምት 1890 ለወዳጁ ለጸሐፊው ለጉስታቭ ዤፍሯ በጻፈው ደብዳቤ፣ በዚያ ወቅት ፀሐይ እጅግ ፈጥና ስለምትጠልቅ ሊከተላት እንዳልቻለ፣ የሚፈልገውም ቅጽበቲቱን፣ በተለይም ሁሉንም ነገር አልብሶ በሁሉም ላይ የተዘረጋውን አንድ ብርሃን እንደሆነ አስረድቷል።

ይህንን ሲያነቡ ሞኔ ያየውን ወዲያው እየገለበጠ የሚሄድ ሰው ሊመስልዎ ይችላል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ከማሳው የመጡትን ሸራዎች ቤት ውስጥ ጎን ለጎን እያቆመ አንዱን ከሌላው ጋር እያመሳከረ ለብዙ ጊዜ ይሠራባቸው ነበር። በ1891 ለአንድ ጎብኚ እንደተናገረው፣ እያንዳንዱ ሥዕል ሙሉ ዋጋውን የሚያገኘው ከጠቅላላው ተከታታይ ጋር ሲተያይ ብቻ ነው። ለጥያቄዎ ዋናው መልስ ያለውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። አንድ ሥዕል ብቻ ቢኖር ኖሮ «ክምር ይህንን ይመስላል» ብለን እናልፍ ነበር። ሁለተኛው ሲጨመር የመጀመሪያው የተሣለበት ሰዓት መታየት ይጀምራል። አሥራ አምስቱ አንድ ክፍል ውስጥ ሲሰቀሉ ደግሞ ክምሩ ባለበት ይቆምና የሚንቀሳቀሰው ሌላው ሁሉ ይሆናል፤ ጉም፣ ውርጭ፣ የጠዋት ጮራ፣ የጀምበር መጥለቂያ። ለውጥን መሣል የሚቻለው የማይነቃነቅ ነገር ሲገኝ ነው፤ ክምሩ ለዚህ ተመቸው።

ሽያጩን በተመለከተም የጠረጠሩት ነገር ከንቱ አይደለም። በግንቦት 1891 አሥራ አምስቱ ክምሮች ፓሪስ ውስጥ በነጋዴው በፖል ዱራን-ሩኤል አዳራሽ ቀርበው በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሸጡ። ሞኔ ገንዘብ የሚያውቅ፣ ከነጋዴዎችም ጋር ጠንክሮ የሚደራደር ሰው ነበር። ሆኖም ያው ሽያጭ አብረው እንዲታዩ የሠራቸውን ሥዕሎች በየአገሩ በተነናቸው። በዚያው ዓመት በአቅራቢያው ባለ ወንዝ ዳር የተደረደሩ ፖፕላር የተባሉ ረጃጅም ዛፎችን መሣል እንደጀመረ ዛፎቹ ለእንጨት ሊቆረጡ ጨረታ ወጣባቸው፤ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ቆመው እንዲቆዩለት ለእንጨት ነጋዴው ከኪሱ ከፈለ። ለሽያጭ ብቻ የሚሠራ ሰው ሌላ ዛፍ ባላጣ ነበር።

ጥያቄ፦ የሥነ ጥበብ ተማሪ ነኝ። መምህራችን «ጥላ ጥቁር አይደለም» ይሉናል። ሞኔ በረዶ ላይ ጥላውን ሰማያዊ አድርጎ ሥሏል። ይህ በእርግጥ የሚታይ ነገር ነው ወይስ ለማሳመር የተጨመረ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የሚታይ ነገር ነው። በጠራ ቀን ጥላ ውስጥ ያለ ቦታ የፀሐይን ቀጥተኛ ብርሃን ያጣል እንጂ ብርሃን ሁሉ አይጠፋበትም፤ ከሰማዩ የሚወርደው ሰማያዊ ብርሃን ይደርሰዋል። ነጭ በረዶ ደግሞ ያገኘውን ብርሃን ሳይመርጥ ስለሚመልስ ጥላው ወደ ሰማያዊ ያደላል። በነጭ ግድግዳ ወይም በተሰጣ ነጭ ጋቢ ላይ ረፋድ ላይ የሚያርፈውን ጥላ ፀሐይ ከሚያርፍበት ክፍል ጋር እያነጻጸሩ ቢያዩ ይህንኑ ያገኛሉ። የማናየው አእምሯችን ስለሚያርመው ነው፤ ጋቢው ነጭ መሆኑን አስቀድመን ስለምናውቅ ነጭ አድርገን እናየዋለን።

ሞኔ ዕድሜውን ሙሉ የታገለው ከዚህ እርማት ጋር ነው። በ1868 እና በ1869 መካከል አንዲት ወፍ በበረዷማ አጥር በር ላይ ያረፈችበትን ሥዕል ሲሠራ የአጥሩን ጥላ ሰማያዊ አደረገው፤ ሥዕሉ በ1869 ለፓሪሱ የመንግሥት ዓውደ ርዕይ ቀርቦ ተቀባይነት አላገኘም። ዛሬ በፓሪሱ ኦርሴ ሙዚየም ከሚገኙት ሥዕሎቹ ሰው ተሰብስቦ ከሚያያቸው አንዱ ነው። በዢቨርኒ ጎረቤቱ የነበረችው አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ሊላ ካቦት ፔሪ የሞኔን ምክር በማስታወሻዋ አቆይታልናለች። ለመሣል ስትወጪ ከፊትሽ ያለው ዛፍ ወይም ቤት ወይም ማሳ መሆኑን ለመርሳት ሞክሪ፤ እዚህ ጋ ትንሽ ሰማያዊ ካሬ፣ እዚያ ጋ ሞላላ ሮዝ፣ ከዚያ ቀጭን ቢጫ መስመር አለ ብለሽ ብቻ አስቢ፤ ቀለሙንና ቅርጹን እንዳየሽው አስቀምጪው የሚል ነበር የምክሩ ይዘት። ዕውር ሆኜ ተወልጄ ድንገት ዓይኔ በበራልኝ ብሎ ይመኝ እንደነበርም ጽፋለች፤ ያን ጊዜ የነገሮችን ስም ሳያውቅ መሣል በቻለ ነበርና።

ለተማሪ የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። በ1905 ስለሚጠቀምባቸው ቀለሞች ተጠይቆ የዘረዘረው ጥቂት ነው፤ ነጭ፣ ካድሚየም ቢጫ፣ ቨርሚሊየን ቀይ፣ «ማደር» የተባለ ጥቁር ቀይ፣ ኮባልት ሰማያዊ፣ ኤመራልድ አረንጓዴ። ጥቁር ቀለም በዝርዝሩ ውስጥ የለም። መምህርዎ ያስተማሩዎት በዚህ የሚደገፍ ነው። ይሁን እንጂ ሰማያዊ ጥላን እንደ ደንብ ይዘው በየሥዕሉ አይድገሙት፤ በደመናማ ቀን ወይም አምፖል በበራበት ክፍል ውስጥ ጥላው ሌላ ነው። ሄዶ ማየት ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ «ኢምፕሬሽኒስት» የሚለው ስም ከየት መጣ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሞኔ በልጅነቱ ያደገበትን የለ ሃቭር ወደብ በ1872 በጠዋት ጉም ውስጥ ሥሎ፣ በ1874 ከጓደኞቹ ጋር ባዘጋጁት ዓውደ ርዕይ ላይ ኢምፕሬሽን (ለቅጽበት የታየ ነገር የሚያሳድረው ስሜት) የሚል ቃል ባለበት ርዕስ አቀረበው። ሉዊ ሌሯ የተባለ ጋዜጠኛ ያንን ቃል ይዞ በሠዓሊዎቹ ላይ ተሳለቀ፤ ስሙም በዚያው ጸና። ሥዕሉ አሁን በፓሪስ ማርሞታን ሙዚየም ይገኛል።

ጥያቄ፦ በከተማችን በሚገኘው ናሽናል ጋለሪ ሞኔ የሣላቸውን ሁለት የካቴድራል ሥዕሎች አየሁ። ቀርቤ ሳያቸው የደረቀ ልስን እንጂ ሕንፃ አልታየኝም፤ ወደ ኋላ ስመለስ ግን በሩም ማማውም ተሠርቶ ጠበቀኝ። ትክክለኛው መቆሚያ የቱ ነው? ደግሞስ ቤተ ክርስቲያን ከሣለ ምእመን የማይታየው ለምንድን ነው? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ ሁለቱም መቆሚያዎች ትክክል ናቸው፤ በሁለቱ መካከል መመላለሱ ደግሞ ከሁሉ የተሻለ ነው። ያዩዋቸው በሰሜን ፈረንሳይ የሚገኘው የሩዋን ከተማ ካቴድራል የምዕራብ ፊት ሥዕሎች ናቸው። ሞኔ በ1892 እና በ1893 ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ከካቴድራሉ ፊት ለፊት ክፍሎች ተከራይቶ በመስኮት እያየ ሠራቸው። ብዛታቸው ከሠላሳ ይበልጣል። ከዚያ ወደ ዢቨርኒ ወስዶ ደጋግሞ ቀባቸው፤ አብዛኞቹ ላይ የጻፈው ዓመት 1894 የሆነውም ስለዚህ ነው። በየጊዜው በደረቀው ላይ ሌላ ቀለም እየተጨመረ ሲሄድ ገጹ ሸካራ ሆነ። ልስን የመሰለዎት ይኸው ነው። ቀርበው ሲያዩ የሚያገኙት የሠዓሊውን እጅ ነው፤ ሮዝ በቢጫ ላይ፣ ሰማያዊ በግራጫ ላይ፣ የብሩሹ ጉዞ ሳይቀር። ሲርቁ ደግሞ ያው ቀለም ድንጋይ ይሆናል። ቀለሙ ድንጋይ የሚሆነው በራስዎ ዓይን ውስጥ ነው፤ ሞኔ ይህን ሥራ ሆነ ብሎ ለተመልካቹ ትቶለታል ብዬ አምናለሁ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ብርሃኑ በተለዋወጠ ቁጥር ሸራ ሲቀያይር ይውል ነበር። ከሩዋን ሆኖ ኋላ ላገባት ለአሊስ በጻፈው ደብዳቤ ሌሊቱን በቅዠት እንዳሳለፈ፣ ካቴድራሉ በላዩ ላይ ሲወድቅበት እንዳየ፣ ሲወድቅም ሰማያዊ፣ ሮዝ ወይም ቢጫ ይመስል እንደነበር ነግሯታል።

ምእመናን ስለ መቅረታቸው የጠየቁት ጥሩ ትዝብት ነው። ሰማዩም ቢሆን ከላይ በጥቂቱ ብቻ ነው የሚታየው። ሞኔ በሃይማኖት ጉዳይ የሚታወቅ ሰው አልነበረም፤ ካቴድራሉን የመረጠው እንደ ጸሎት ቤት ሳይሆን ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይነቃነቅ የቆመ፣ ፊቱ በቅርጻ ቅርጽ ተሞልቶ ብርሃንን በሺህ ጎድጓዳና ጉብታ የሚቀበል ድንጋይ እንደሆነ አድርጎ ነው። በ1895 ሃያዎቹ ለሕዝብ ሲቀርቡ፣ በኋላ የፈረንሳይ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ዦርዥ ክሌማንሶ በጋዜጣው ላይ ረጅም ጽሑፍ አወጣና መንግሥት ሥዕሎቹን ሳይበታተኑ እንዲገዛቸው ተማጸነ። የሰማው አልነበረም። ዛሬ አምስቱ በኦርሴ ሙዚየም አንድ ላይ ሲገኙ የቀሩት በየአገሩ ናቸው። እርስዎ ሁለቱን በአንድ ከተማ ማግኘትዎ መታደል ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ አንዱን ብቻ ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ ዓይንዎን ወደ ሌላኛው ያዙሩ።

ጥያቄ፦ አባቴ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ በኋላ «ሰማዩ እንዲህ ሰማያዊ ነበር እንዴ?» ብለው ተገረሙ። ሞኔም ሞራ ነበረበት ሲባል ሰማሁ። ታዲያ በእርጅናው የሣላቸው ድብዝዝ ያሉ ሥዕሎች የሕመም ውጤት ናቸው ማለት ነው? (ከጎንደር)

መልስ፦ በቅድሚያ አባትዎ እንኳን ለብርሃን አበቋቸው። የተናገሩት ነገር ሐኪሞች በሚገባ የሚያውቁት ነው። ሞራ ማለት የዓይን ሌንስ እየደፈረሰ መሄድ ነው፤ ሌንሱ ወደ ቢጫ፣ ሲብስም ወደ ቡናማ ይለወጥና ከሁሉ በላይ ሰማያዊውን ብርሃን ያስቀራል። ለውጡ ቀስ በቀስ ስለሚመጣ ሰውየው ዓለም እንደጠቆረችበት እንኳ ላያስተውል ይችላል፤ ሌንሱ ሲወጣ ሰማያዊው በአንድ ጊዜ ይመለሳል።

የሞኔን ሞራ ሐኪሞች ያረጋገጡት በ1912 ነው። ያን ጊዜ በሐዘን ላይ ነበር፤ ባለቤቱ አሊስ በ1911 ሞታለች፣ ታላቅ ልጁ ዣን ደግሞ በ1914 ሞተ። ቀዶ ሕክምናውን ፈርቶ ለዓመታት አራዘመው። ቀለማቱን መለየት ሲያስቸግረው በቱቦዎቹ ላይ የተጻፈውን ስም እያነበበና በመቀላቀያው ላይ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል እያስቀመጣቸው ይሠራ ነበር። በ1922 በቀኝ ዓይኑ ብርሃንን ብቻ እስከ መለየት ደረሰ። ከወጣትነቱ ሐኪም የነበረው ወዳጁ ክሌማንሶ ወተወተውና በጥር 1923፣ በ82 ዓመቱ፣ ዶክተር ሻርል ኩተላ የቀኝ ዓይኑን ቀዶ ሕክምና አደረገለት። በዚያው ዓመት ሌላ ቀዶ ሕክምና ጨምሮ አስፈለገው። የዚያ ዘመን ሕክምና እንዳሁኑ ሰው ሠራሽ ሌንስ አይተካም፤ ታካሚው ለቀናት ሳይነቃነቅ ተጋድሞ መቆየት፣ ከዚያም ወፍራም መነጽር ማድረግ ነበረበት። ሞኔ ዓለም መጀመሪያ ቢጫ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ ከልክ በላይ ሰማያዊ ሆነችብኝ እያለ ለሐኪሙ ያማርር ነበር። ባለ ቀለም መነጽሮችንም ሞከረ። ግራ ዓይኑን ግን እስከ መጨረሻው አላስነካም።

ታዲያ የሕመም ውጤት ናቸው? በከፊል አዎን፤ በ1918 እና በ1924 መካከል የአትክልት ቦታውን ድልድይ የሣለባቸውን ሥዕሎች ያየ ሰው ይህን ሊክድ አይችልም። ቀይና ቡናማ ቀለም ተደራርቦ ድልድዩ በጭንቅ የሚለይባቸው አሉ። ሕመሙ ሙሉ ምክንያት ነው የሚለውን ግን አልቀበለውም፤ ቀኖቹም አይፈቅዱም። ሞኔ በ1893 ከቤቱ አጠገብ መሬት ገዝቶ በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ አበቦች የሚያበቅልበት ኩሬ አስቆፈረ። ጎረቤቶቹ እንግዳዎቹ እጽዋት ውሃችንን ይመርዛሉ ብለው ተቃውመው ስለነበር ፈቃድ ለማግኘት ለባለሥልጣናት መጻፍ ግድ ሆኖበት ነበር። በ1899 ኩሬውን ሲሥል ድልድዩ፣ ዳርቻው፣ የዛፎቹ ቅርጽ በግልጽ ይታያሉ። ከ1903 እስከ 1908 በሠራቸው ሥዕሎች ግን ዳርቻው እየቀረ፣ አድማሱ እየጠፋ መጥቶ ሸራው በሙሉ የውሃ ገጽ ሆኗል። ሰማዩ የሚታየው ከታች፣ በነጸብራቅ ነው፤ አበቦቹ ደግሞ በደመናው ላይ የተኙ ይመስላሉ። ተመልካቹ ወደ ታች እያየ ይሁን ወደ ላይ ለጊዜው ግር ይለዋል። ከእነዚህ አርባ ስምንቱ በ1909 ለሕዝብ ቀርበዋል። ሐኪም ሞራ መሆኑን ከማረጋገጡ ከሦስት ዓመት በፊት ማለት ነው። ቅርጽን ትቶ ወደ ብርሃኑ መሄድ ከዓይኑ ድካም በፊት የጀመረ፣ ክምሮቹን ከሣለበት ዘመን የቀጠለ መንገድ ነው።

ሌላም ማስረጃ አለ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በመነጽር አጥርቶ ማንበብ ችሎ ነበር፤ ሆኖም ወደ ጥርት ያለ መስመር አልተመለሰም። የኩሬውን ትልልቅ ሥዕሎች እንደገና እየነካካ በዚያው አቅጣጫ ገፋበት። በዕድሜው መጀመሪያ የሚለወጠው ከፊቱ ያለው ነገር ብቻ ነበር፤ በመጨረሻው ዘመኑ የሚያየው ዓይንም አብሮ ይለወጥ ጀመር። ሕመሙ ይህን ሁለተኛውን ለውጥ ጨመረበት፤ የቀድሞውን ጥያቄ ግን አልፈጠረውም። እንደ እኔ እምነት በእነዚያ ቀይ ድልድዮች ፊት ስንቆም ሊያሳዝነንም ሊያስደንቀንም የሚገባው፣ ዓይኑ እየከዳው ያለ ሽማግሌ ያየውን ከማመን አለማቆሙ ነው።

ጥያቄ፦ በእኛ ሥዕል ቅዱሱም ጀግናውም ታሪክ አለው። የሞኔ ሥዕል ውስጥ ግን ታሪክም ትምህርትም አላገኘሁም። ውበት ብቻ ካልሆነ በስተቀር ትርጉሙ ምንድን ነው? (ከሐረር)

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በሞኔ ዘመን የነበሩ ሠዓሊዎችም አንስተውታል። ፖል ሴዛን ሞኔ ዓይን ብቻ ነው፣ ግን ምን ዓይነት ዓይን ነው ብሎ እንደነበር ይነገራል፤ አድናቆትም ትችትም ያለበት አነጋገር ነው። እኔ ትርጉም የለውም በሚለው አልስማማም፤ ትርጉሙ የተቀመጠው ግን እኛ በለመድነው ቦታ አይደለም።

የመጀመሪያ ባለቤቱ ካሚይ በመስከረም 1879 በ32 ዓመቷ ሞተች። ሞኔ በሞት አልጋዋ ላይ ሣላት። ሥዕሉ በኦርሴ ሙዚየም አለ። ፊቷ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል፤ ዙሪያውን ነጭ፣ ግራጫና ሐምራዊ የብሩሽ ምቶች እንደ ስስ መሸፈኛ እየተሻገሩበት ሊውጡት ደርሰዋል። ከብዙ ዓመታት በኋላ ለክሌማንሶ ስለዚያ ሰዓት ሲነግረው፣ ያን ያህል የሚወዳትን ሴት ፊት እያየ ሞት በገጿ ላይ የሚያመጣውን የቀለም ለውጥ፣ ሰማያዊውን፣ ቢጫውን፣ ግራጫውን፣ ሳያስበው ሲከታተል ራሱን እንዳገኘው ተናዘዘለት። ነገሩ አስፈርቶታል። ይህን ካወቅን በኋላ በክምሩ ላይ የሚያልፈውን ብርሃን ተራ ጌጥ አድርገን ልናየው አንችልም። የሚያልፈውን ነገር እያለፈ ሳለ በትኩረት መያዝ ለዚህ ሰው የመውደድም የማዘንም መንገድ ሆኖለታል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከአገር ጋር የተያያዘ ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲካሄድ ሞኔ ዢቨርኒን ለቅቆ አልሸሸም፤ ትንሹ ልጁ ሚሼል ዘምቶ ሳለ እርሱ ትልቅ የሥራ ክፍል አስገንብቶ የኩሬውን ግዙፍ ሥዕሎች ይሠራ ነበር። ተኩስ በቆመ ማግስት፣ በኅዳር 12 ቀን 1918፣ በወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ለነበረው ለክሌማንሶ ጽፎ ሁለት ሰሌዳዎችን ለመንግሥት ሊሰጥ እንደሚፈልግ፣ በድሉ ለመካፈል የሚችለውም በዚህ ብቻ እንደሆነ አስታወቀ። ስጦታው እየሰፋ ሄዶ ስምንት ትልልቅ ሥዕሎች ሆነ። በጦርነት ማግሥት ለቆመ ሐውልት የሚጠበቀው ጀግና፣ ፈረስና ባንዲራ ነው። ሞኔ ያቀረበው ውሃ፣ ደመና እና አኻያ ዛፎችን ነው፤ ድካም የበዛበት ሕዝብ ተቀምጦ የሚያርፍበት ቦታ እንዲሆን አስቦ። የእኛ የሥዕል ወግ ትርጉሙን በታሪኩ ይነግረናል፤ የሞኔ ሥዕል ግን በቆየንበት ጊዜ ውስጥ እንድናገኘው ይጠይቀናል። ሁለቱን አወዳድሮ አንዱን ማሳነስ አስፈላጊ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ አውሮፓ የምንኖር አንባቢዎች የትኞቹን ሥዕሎች የት እንይ? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ጊዜ ያለው ሰው ፓሪስ ይሂድ። ሞኔ በታኅሣሥ 5 ቀን 1926 በ86 ዓመቱ ካረፈ በኋላ ስምንቱ ሥዕሎች በኦራንዥሪ ሙዚየም ሁለት ሞላላ ክፍሎች ተተክለው በግንቦት 1927 ለሕዝብ ተከፍተዋል። ቁመታቸው ሁለት ሜትር ገደማ ሲሆን ቢገጣጠሙ ርዝመታቸው 90 ሜትር ያህል ይሆናል። በ1960ዎቹ ከክፍሎቹ በላይ ሌላ ፎቅ ተሠርቶ የቀኑን ብርሃን ዘግቶባቸው ነበር፤ በ2006 በተጠናቀቀው እድሳት ፎቁ ስለተነሣ አሁን ብርሃን ከጣሪያው ይገባል። ስለዚህ ሥዕሎቹ በጠራ ቀንና በደመናማ ቀን አንድ ዓይነት አይመስሉም። ክምሮቹን በብዛት ማየት የሚፈልግ ደግሞ አሜሪካ፣ ቺካጎ ከተማ በሚገኘው የሥነ ጥበብ ተቋም ስድስቱን ያገኛል። ወደ ኦራንዥሪ የሚሄድ አንባቢ መሐል ላይ ያለው መቀመጫ ላይ ሳይቸኩል ይቀመጥ፤ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ሁለት ጊዜ ለመግባት የቻለ ካለ ያየውን ልዩነት ቢጽፍልን በሚቀጥለው እትም በዚሁ ዓምድ እናወጣዋለን።